ሁለተኛው ዓይን

ባለፈው ወር ስኔሊንግ አቨኒው ላይ የመኪናዬ ጎማ እስኪቀየር ድረስ ብርዱን ሽሽት አጠገቡ ወዳለው የስዕል ዕቃ መሸጫ ገባሁ። አንዲት ወጣት ሻጭ ጣት የሚያክል ጥቁር የደረቀ ቀለም ድንጋይ ላይ በውሃ እያሸች ለደንበኞች ታሳያለች። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው የመጣሁበትን ረሳሁ። ናፍታሊን ባለበት ሳጥን ውስጥ የከረመ ልብስና የረጠበ ጥላሸት አንድ ላይ ቢሸቱ እንደዚያ ነው። ልጅቷ "ምን ልርዳሽ?" ስትለኝ "ምንም፣ ዝም ብዬ ነው" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሸሸሁ። ያ የሚስ ሊያንግ ቤት ሽታ ነው፤ እዚያ ቤት የሠራሁትን ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእማዬ ጋር ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከስኔሊንግ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባዬ ሌላ ስቴት ስለሚኖር የማውቀው በስልክ ነው። እማዬ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቼር ትገፋለች፤ ሰማያዊ ሰደርያዋን ለብሳ የማያውቋትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስታደርስ ትውላለች። "ቀኑን ሙሉ የሰው ማጅራት ሳይ ነው የምውለው፤ የኔን ፊት ደግሞ ማንም አያየውም" ትል ነበር። ስታማርር አልነበረም፤ እየሳቀች ነው የምትለው።

ከእኛ በታች፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ተወልደ ነበሩ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ ናቸው። አማርኛቸው የድሮ ሬዲዮ ነው፤ ሌላው ሰው "ኦኬ" በሚልበት ቦታ እሳቸው "መልካም" ይላሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ከሥራ እስክትገባ የምቆየው እሳቸው ጋ ነበር።

ፊት ለፊታችን ባለው በር የምትኖረው ደግሞ ሚስ ሊያንግ ናት። ቻይናዊት ናት፤ አጭር፣ ፀጉሯ ሙሉ ለሙሉ የነጣ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት። አንቱ አለማለቴን አንባቢ ይታዘበኝ ይሆናል። ያኔ የማወራት በእንግሊዝኛ ስለነበር አንቺም አንቱም አልነበረም፤ ዛሬ ተነስቼ አንቱ ብላት ደግሞ ከበሬታዬን ዘግይቼ የላክሁላት ይመስልብኛል።

ምን እንደምትሠራ አናውቅም ነበር። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትጽፋለች። አውቶቡስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። ምድር ቤት ልብሷ ታጥቦ እስኪያልቅ ትጽፋለች። ደረጃ ላይ ቆማ ትጽፋለች። ቀና ትላለች፣ ሰውን ታያለች፣ ጎንበስ ትላለች። አንድ ቀን እማዬ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ዞር ብትል ሴትዮዋ ስታያት ያዘቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ደብተሯን ዘጋች። ነገሩን ያበላሸው ያ መዝጋቷ ነው።

"ጋሽ ተወልደ፣ ይቺ ሴትዮ አላማረችኝም" አለች እማዬ የዚያን ዕለት። "የሚጠይቀኝ ሰው አያስፈራኝም። ሳይጠይቅ የሚጽፈው ነው የሚያስፈራኝ። ጆሮ ጠቢ ሳትሆን አትቀርም።"

"እዚህ አገር ደግሞ ለማን ብላ?" አሉ ጋሽ ተወልደ።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ለአፓርትመንቱ ኦፊስ፣ ለሶሻል ወርከር... ልጇን ሰው ላይ ጥላ ነው የምትውለው ብላ ሪፖርት ብታደርገኝስ?"

እማዬ ያደገችው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን ነው፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስብበት ነው። እኔ ግን ሚኒሶታ የተወለድኩ ልጅ ነኝ። ጆሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መጥባት ምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሕፃን ጡጦ ሲጠባ አይቻለሁ። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው የሚወጣው ነገር አንድ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሴትዮ የሰው ጆሮ ትጠባለች። ለምን እንደምትጠባ አልገባኝም፤ ግን እማዬ ፊቷ እንደዚያ ተለዋውጦ ካወራች ነገሩ እውነት መሆን አለበት።

ያን ዓመት በረዶው ቶሎ ገባ። ጋሽ ተወልደ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው አንሸራተታቸውና እግራቸው ተሰበረ። እንኳን እኔን ሊይዙ ራሳቸውን የሚይዝላቸው አጡ። እማዬ ደግሞ ከቀትር እስከ ምሽት ነው የምትሠራው። ደረጃው ላይ ቆማ በስልክ ሱፐርቫይዘሯን ስትለምን ሚስ ሊያንግ በሯን ከፈተች።

"እኔ ጋ ትቆይ" አለች በዚያ በተቆራረጠ እንግሊዝኛዋ። "እኔ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።"

እማዬ አመስግና ቤት ገባችና በሩን ከዘጋች በኋላ "ሁልጊዜ ቤት ነኝ? ታዲያ በምን ትኖራለች?" አለችኝ፤ መልሱን የማውቅ ይመስል። ምርጫ ግን አልነበራትም። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን እያሰረችልኝ ምክሯን ለገሰችኝ።

"ለጊዜው ነው፤ ሺፍቴን ቼንጅ እስካደርግ ነው። ሰማሽ ሊዱ? ምን እንደምትጽፍ እይልኝ። ማን እንደሚደውልላት ስሚ። ማታ ትነግሪኛለሽ።"

"ዋይ?"

"ዋይ የለም። ዓይንሽን ግለጪ፣ በቃ።"

ዛሬ ሳስበው በዚያ የበረዶ ወቅት በዚያ ሕንፃ ውስጥ በእርግጥ ጆሮ ጠቢ ነበረች። እሷም እኔ ነበርኩ።

ሥራዬን የጀመርኩት ጆሮዬን በመሸፈን ነው። ጆሮን ደፍኖ አገጭ ሥር የሚታሰር የሱፍ ኮፍያ ነበረኝ፤ እሱን አጥብቄ አስሬ ገባሁ። የሚስ ሊያንግ ቤት እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። "ኮፍያሽን አውልቂ" ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ጆሮዬን የሚያመኝ ሳይመስላት አልቀረም፣ በማግስቱ ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ ምጣድ ላይ አሙቃ፣ ጆሮዬ ላይ ልትይዝልኝ መጣች። ወደ ጆሮዬ ስትጠጋ አንድ ጊዜ ጮኼ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። እሷም ደንግጣ የጨው ቋጠሮዋን ይዛ ቆመች። ከዚያ በኋላ ስለ ኮፍያው አንስታብኝ አታውቅም። ላቡ በጀርባዬ እየወረደ የሂሳብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እሷ ብርጭቆ ውሃ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔም ውሃውን አሸትተዋለሁ።

ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ታስሮ በልብስ መቆንጠጫ ወረቀቶች ተሰቅለውበታል። አውቶቡስ ነጂ አለ። በረዶ የሚዝቅ ልጅ አለ። የልብስ ቅርጫት የታቀፈች ሴት አለች። ልብሳቸው ቀለም ተቀብቷል፣ ቁልፋቸው ሳይቀር ተስሏል፣ ማንኛቸውም ግን ዓይን የላቸውም።

ማታ ለእማዬ ሪፖርት አደረግሁ።

"ሺ ሃዝ ፒፕል ዊዝ ኖ አይስ።"

"ምን አልሽ?"

"ሰዎች አሏት። ዓይን የላቸውም።"

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የት?"

"ግድግዳ ላይ።"

"ስዕል ነው?"

"የስ።"

"ታዲያ ስዕል ነው አትይም! ልቤን አወረድሽው እኮ።"

ሰዓሊ መሆኗን ያወቅነው እንደዚያ ነው። ለልጆች መጽሐፍ ስዕል ትሥላለች፤ ብዙ መጽሐፍ ሠርታለች፤ ትልልቅ ፖስታ ወደ ኒው ዮርክ ትልካለች። ይህን ስነግራት እማዬ የተረጋጋች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና "ሰዓሊ ከሆነች ለምን ደብቃ ትሥላለች?" አለች። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ወንበር ይቀይራል እንጂ ተነስቶ አይሄድም።

እሑድ እሑድ ለጋሽ ተወልደ ሾርባ የማወርደው እኔ ነበርኩ። እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሲጠጡ ግድግዳቸው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አያለሁ። የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ነው፤ ሐዋርያቱ በሙሉ ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። አንዱ ብቻ ወደ ጎን ዞሯል።

"ጋሽ ተወልደ፣ ይሄኛው ለምን አንድ ዓይን ሆነ?"

"እሱ ይሁዳ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። የጥንት ሰዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል። ከሃዲውንና ሰይጣኑን በጎን በአንድ ዓይኑ ያወጣዋል። ፊደል ያልቆጠረ ምዕመን እንኳ አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ!" አሉና ሾርባቸውን ፉት አሉ።

ምናለ "አብዛኛውን ጊዜ" ብለውኝ በነበረ። እሳቸው የሚያወሩት ስለ አንድ አገር ሥዕል ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን የዓለምን ሕግ ነው።

በበነጋታው ሚስ ሊያንግ ቤት ገብቼ ገመዱ ላይ ያሉትን ሰዎች እንደገና አየኋቸው። አውቶቡስ ነጂው በጎን ነው። በረዶ የሚዝቀው ልጅ በጎን ነው። ባለ ቅርጫቷ ሴት በጎን ናት። ሁሉም ዓይናቸው ገና ነው፤ ሲመጣላቸው ግን ለስንት ዓይን የሚሆን ቦታ እንዳላቸው ማየት አላቃተኝም።

ለምን በጎን እንደምትሥል ነግራኛለች እኮ። አባቷ ሰሜን ምዕራብ ቻይና በአንድ አቧራማ ከተማ ውስጥ ከላም ቆዳ አሻንጉሊት የሚቀርጽ ሰው ነበር። በነጭ ጨርቅ ጀርባ መብራት ይበራና ጥላቸው ጨርቁ ላይ ይጫወታል። ጥላ ደግሞ ፊት የለውም፤ ጎን ብቻ ነው ያለው። "ከፊት ሰው ሁሉ ይመሳሰላል" ትለኛለች። "ከጎን ግን ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ፤ አንድ መስመር ነው፣ ሰውዬው ይኸውና።" ጣቷን በራሷ ፊት ላይ እያወረደች ታሳየኛለች። እኔ በአንድ ጆሮዬ፣ ያውም በሱፍ ውስጥ፣ እየሰማሁ "አሃ፣ ሰበቡ ይሄ ነው" እላለሁ በልቤ።

ዓይኑን መጨረሻ ላይ የምታደርገው ለምን እንደሆነም ጠይቄያታለሁ። "ዓይን ካወጣ በኋላ ያየኛል" አለችኝ። "እያየኝ ማስተካከል ያሳፍረኛል።" ስለዚህ መላው ሥራ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ እጇን ታጥባ፣ ስልኳን ዘግታ፣ በትንሿ ብሩሽ አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለች። ነጥቧን ለማስቀመጥ ግን እጇ ፀጥ ማለት አለበት። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ እጇ የቀኟን አንጓ ጨብጣ ትጠብቃለች፤ እምቢ ካላት ብሩሹን ታስቀምጥና "ዛሬ አይደለም" ትላለች። እኔ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያየሁት ቴሌቪዥን ላይ፣ ፖሊስ የያዘው ሌባ ላይ ብቻ ነበር። ይህንንም ለእማዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሚስ ሊያንግ ማህደርና አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ በራችንን አንኳኳች። እማዬን መጽሐፏ ውስጥ ልታስገባት ትፈልጋለች፤ አሳታሚው ደግሞ ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማ የሚባል ነገር በቤታችን ያለ ጋሽ ተወልደ አይደረግምና ሦስታችንም ወደ ታች ወረድን። ጋሽ ተወልደ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"መልክሽን በመጽሐፏ እንድታወጣ ፈቃድሽን ነው የምትጠይቀው። ሌላ ነገር የለበትም።"

"ከጀርባውስ?"

"ከጀርባው ባዶ ነው።"

"ለምን ባዶ ሆነ?"

"ገነት" አሉ ጋሽ ተወልደ፣ "ወረቀት ከጀርባው ባዶ ይሆናል።"

እማዬ ወደ ሚስ ሊያንግ ዞረች። "ለምን እኔን?" አለቻት በእንግሊዝኛ።

"አንቺ ገፍተሽኛል" አለች ሚስ ሊያንግ።

ሚስ ሊያንግ ሌላ ስቴት ያለችውን ሴት ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር አሉ። ኤርፖርት ዊልቼር ጠየቀች። ከአውሮፕላኑ በር እስከ ታክሲው ድረስ የገፋቻት እማዬ ናት። ፊት ለፊቷ የምትኖር ጎረቤቷን እንደገፋች እማዬ አታውቅም፤ ያየችው ማጅራት ነው። ሚስ ሊያንግ ግን በረጅሙ መስታወት አጠገብ ሲያልፉ እማዬን በጎን አየቻት።

ከዚያ ማህደሩን ከፈተች። ዊልቼር ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ከኋላው እማዬ ናት። ዓይን የላትም፣ ግን እሷ ናት። ወገቧን ቀስ አድርጋ የምታዘነብልበት፣ ከንፈሯን የምትነክስበት፣ ሁሉም አለ። እማዬ ስዕሉ ላይ ወደ ታች፣ ወደ እግሯ አየች። የግራ ጫማዋ ተረከዝ ተረግጦ ተጣጥፏል።

"ውይ" አለች በአማርኛ። "ተረከዜን እንደሚያመኝ እንዴት አወቀች? ሱፐርቫይዘሬ እንኳ አይቶልኝ አያውቅም።"

ቀጥላ "ዓይኔስ የታለ?" ብላ ጠየቀች። ሚስ ሊያንግ "መጨረሻ ላይ" አለቻት። እማዬ ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ እማዬን ማን ይቻላት! ሹሩባ ተሠራች፤ ስዕሉ አልቆ የለም ወይ ስላት "ቢሆንም" አለችኝ። ኤርፖርት ያሉትን አበሾች በሙሉ፣ ሻንጣ ጫኙን፣ ጽዳቷን፣ ከውጭ የሚጠብቁትን ባለታክሲዎች፣ "መጽሐፍ ላይ ልወጣ ነው" ብላ አዳረሰቻቸው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ደውላ ነገረችው። ምግብ እያበሰለች በአየሩ ላይ ገጽ ስትገልጥ አይቻት አውቃለሁ። እንደዚያ ዓመት ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ደስታዋም ያስፈራኝ ነበር። እሷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀችም። ጫማዬን ስታስርልኝ "ቢሆንም ጠብቂልኝ" ትለኝ ነበር። "አስቀያሚ አድርጋ እንዳታወጣኝ።"

የእማዬ ገጽ ዓይን ለአራት ቀን ጠበቀ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። "ዛሬ አይደለም" ትለኛለች ሚስ ሊያንግ። መጽሐፉ ሁሉ አልቆ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ በስድስተኛው ቀን የሚወስደው ሰው ይመጣል። በአምስተኛው ቀን ስገባ ሚስ ሊያንግ እየሳቀች ተቀበለችኝ። ዓይኑ ተቀምጧል።

አንድ ዓይን። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ወደ ፊት የምታይ።

"ሌላኛውስ?" አልኳት።

"በሌላ በኩል ነዋ!" አለችና ሳቀች፤ ልብሷን ከማድረቂያው ልታወጣ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ከስዕሉ ጋር ብቻችንን ቀረን። ኤርፖርት ያሉት ሁሉ ሊያዩት ነው፤ አጎቴም ሊያየው ነው፤ ጋሽ ተወልደ መነጽራቸውን አድርገው ያዩትና ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያሉ። ይቺ ሴትዮ እናቴን ይሁዳ አድርጋ፣ በፊርማዋ፣ እያሳቀች ለዓለም ልታሳያት ነው። እማዬ ጠብቂልኝ ብላኝ የለ?

ትንሿን ብሩሽ አነሳሁ። ድንጋዩ ላይ የቀረው ቀለም ገና እርጥብ ነበር፤ ያ የናፍታሊን ሽታ ወደ አፍንጫዬ ወጣ። በእማዬ ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮዋ ጠጋ አድርጌ፣ ሁለተኛ ዓይን ሣልኩላት። እንደ ካላንደሩ ትልቅ አድርጌ፣ ሽፋሽፍቱን አጥብቄ፣ መሐሉን አጥቁሬ። ቀለሙ በዛና እንባ ይመስል ወደ አገጯ ወረደ። ብተነፍስበት ወደ አንገቷ ሄደ። በእጅጌዬ ብጠርገው ፀጉሯ ጠፋ። ብሩሹን ቦታው መልሼ ሂሳቤን መሥራት ጀመርኩ። ሰባት ሲባዛ በስምንት የሚለው ጥያቄ ላይ ነበርኩ።

ሚስ ሊያንግ ቅርጫቷን አስቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች። ትጮሃለች ብዬ ኮፍያዬን ይዤ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም።

"ለምን?" አለች።

"ማይ ማም ኢዝ ኖት ባድ" አልኳት። እናቴ መጥፎ አይደለችም ማለቴ ነው።

"መጥፎ ናት ያላት ማነው?"

"ዩ" ብዬ ወደ ስዕሉ ጠቆምኩ።

የሰባት መቶ ዓመት ሰዓሊዎችን ልማድ፣ የጋሽ ተወልደን ካላንደር፣ የይሁዳን ነገር እንዴት አድርጌ ላስረዳት? እንግሊዝኛው ነበረኝ፤ ድፍረቱ ነው ያልነበረኝ። እሷ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ብሩሽ እንኳ ሳትይዝ በግራ እጇ የቀኟን አንጓ ጨበጠች። ቆይታ ተነሳችና በእርጥብ ጨርቅ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረገችልኝ፤ ጥፍሬ ሥር የገባውን ሳይቀር። እጅጌዬን በሳሙና አጠበችው። ምንም እስከማይታይ ድረስ አላቆመችም።

"ዓይኔን ሣለችው?" አለችኝ እማዬ ስትመጣ።

"ሣለችው።"

"ታዲያ፣ አምሬያለሁ?"

"አምረሻል" አልኳት።

በማግስቱ ሊወስድ የመጣው ሰው ባዶውን ተመለሰ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ የተጨማደዱ ወረቀቶች አየሁ፤ ሚስ ሊያንግ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ዘረጋኋቸው፤ የተሰጠኝ ሥራ ይሄው አይደል? ሰባት ነበሩ። በሰባቱም ላይ እማዬ አለች፤ የፊቷ መስመር ግን እየሄደ ይቆማል፣ ይርገበገባል፣ ከአፍንጫዋ ላይ ይስታል። ሰኞ ዕለት መጽሐፉ ታሽጎ ሄደ። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም።

መሞከሯን ያቆመችው እጇ እምቢ ብሏት ይሁን፣ ወይስ እኔ ያልኳትን አምና ሰውን በስዕሌ በድያለሁ ብላ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ሁለቱንም ስጠረጥር ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ከሆነ ሥራዋን አበላሽቼባታለሁ። ሁለተኛው ከሆነ የባሰ ነው።

በረዶው ሲቀልጥ ወንድ ልጇ እዚያው ቅርብ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤቱ ሊወስዳት መጣ። እማዬ ሳጥኖቿን ራሷ ተሸክማ አወረደችላት። "መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣው?" አለቻት መኪናው አጠገብ። "ሴፕቴምበር" አለች ሚስ ሊያንግ። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና እኔን አየች። እማዬን ሁለት እጇን ይዛ "ይቅርታ" አለቻት፤ ደጋግማ፣ "በጣም ይቅርታ።"

እማዬ የሳጥኑ ነገር መሰላት። "ኖ፣ ኖ! ኖት ሄቪ!" አለች እየሳቀች፤ ጡንቻዋን አሳየቻት።

ሴፕቴምበር ላይ እማዬ ሰደርያዋን እንደለበሰች፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዛኝ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የምትሠራው ሴት መጽሐፉን ከአዲሶቹ መደርደሪያ አውጥታ ሰጠቻት። እማዬ ወንበር አልፈለገችም፤ ቆማ ገለጠች። አውቶቡስ ነጂው መጣ። በረዶ የሚዝቀው ልጅ መጣ። ባለ ቅርጫቷ ሴት መጣች። ሁሉም በአንዳንድ ዓይናቸው ወደሚሄዱበት ያያሉ፤ አንዳቸውም ክፉ አይመስሉም ነበር። ቀጥሎ ኤርፖርቱ መጣ።

ባርኔጣ ያደረገው ሽማግሌ ዊልቼሩ ላይ ተቀምጦ በትልቁ መስታወት አውሮፕላኖቹን ያያል። ከኋላው ማንም የለም።

እማዬ ገጹን በሁለት ጣቷ አሸችው፤ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ መስሏት ነው። አልተጣበቀም። ወደ መጀመሪያው ተመልሳ አንድ በአንድ ገለጠች። ሦስተኛ ጊዜም ገለጠች። ከዚያ ኤርፖርቱ ላይ ጣቷን አስቀምጣ ቆመች።

"ታዲያ ማን ገፍቶት ነው እዚህ የደረሰው?" አለች።

"ሥራ ስገባ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?" አለች ደግሞ፤ እኔን ሳይሆን ሽማግሌውን እያየች። "ድሮም ጠርጥሬያት ነበር። ልቤ ነግሮኝ ነበር እኮ።" ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ሁለቱም። "አንቺ በየቀኑ እዚያ ነበርሽ ሊዱ። ምንም አላየሽም?"

"ምንም አላየሁም" አልኳት።

እማዬ መጽሐፉን ዘግታ ለሴትዮዋ መለሰችላት። ኮፍያዬን አስተካከለችልኝ፤ ራሴን ዳበሰችኝ።

"አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነሽ" አለችኝ።